ባለ ሁለት መልኩ ቅጠል፤ ከቦኬ የመጣው ዱላ ደጋን ይወጣዋልን?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ቦኬ ቆላ ወርደው የነበሩ ሠልጣኞች ሲመለሱ አንድ ዱላ ይዘውልኝ መጡ። «ጋሼ፣ ይህ ምን ዛፍ ነው? የትምህርት ቤቱ ልጆች ደጋን የሚሠራው ከዚህ ነው ብለውናል» አሉኝ። አገላበጥኩት። ቀጥ ያለ፣ ለእጅ ከበድ የሚል፣ ልጡ የተላጠ እንጨት ነው። መልሱን ግን አላወቅሁትም። ልጥ፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ የሌለውን እንጨት አይቶ «ይህ እገሌ ነው» የሚል ሰው ወይ ዕድሜውን በእንጨት ሥራ ያሳለፈ ነው፤ ወይ ይዋሻል። ስለዚህ «ስትመለሱ ቅጠሉን ከነፍሬው አምጡልኝ» አልኳቸው።

በሁለተኛው ጉዞ ያመጡት ከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ ነበረበት። ከአንድ ጥሻ ውስጥ ጎን ለጎን ስለ ቆረጧቸው አንድ ዛፍ መስሏቸዋል። ሁለቱም ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ይዘዋል። የአንደኛውን ፍሬ እረኛ ልጆች ይበሉታል፤ ሁለተኛው ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን ጽሑፍ ያስነሣኝ እንግዲህ ከደጋኑ ይልቅ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚበላውን እንይ። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጉት፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርማ ነጭ ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው ዛፉ በሙሉ መልኩን የለወጠ ይመስላል። የሳይንስ ስሙ ግሬዊያ ቢኮሎር ነው፤ ቢኮሎር ማለት «ባለ ሁለት ቀለም» ሲሆን፣ ግሬዊያ የሚለው ደግሞ የ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ የዕፀዋት ተመራማሪ የነህምያ ግሩ መታሰቢያ ነው። በአማርኛ ሶምያ፣ በኦሮምኛ ሀሮሬሳ ይባላል።

ታዲያ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ አይበቃም። የወይራ ቅጠልም ከታች ፈዘዝ ይላል። ሆኖም የወይራ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ሲበቅሉ፣ የሶምያ ግን አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። የወይራ ጠርዝ ልሙጥ ነው፤ ሶምያ ደቃቅ ጥርስ አለው። ከሁሉ ይበልጥ የምተማመንበት ምልክት ግን የቅጠሉ ሥር ነው፤ ከዚያ ከአንድ ነጥብ ሦስት ዋና ዋና ጅማቶች ይነሣሉ። አበባው ቢጫ ነው። ፍሬው አተር የሚያክል ሆኖ ብቻውን ወይም ሁለት ሁለት ተጣብቆ ይወጣል፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ይሄዳል። ልጡ ጭረታም ስለሆነ ለማሰሪያ ያገለግላል። ድሮ ቲሊያሴ በሚባል ቤተሰብ ይመደብ ነበር፤ ዛሬ ማልቫሴ ውስጥ ከጥጥና ከባሚያ ጋር ይቆጠራል። እናቶቻችን ጥጥ ነድፈው ባዘቶ የሚያወጡበት ደጋን ከሶምያ ከተሠራ፣ ዛፉ የገዛ ዘመዱን ነደፈ ማለት ነው!

ሁለተኛው ምረንዝ ነው፤ በኦሮምኛ ቀራሩ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፐሪ ነው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ፣ ወፍራም፣ ደረቅና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሥሩ ከሁለቱም ገጽ አረንጓዴ ነው እንጂ ብርማ መልክ የለውም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ፍሬውም ከሶምያ ፍሬ ተለቅ ይላል። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚመርዙት ከዚህ ወገን ዛፍ እንጨትና ሥር ቀቅለው በሚያወጡት ዝፍት መሳይ ነገር ነበር። ሶማሌዎች ዋባዮ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1888 አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት መርዙን ለይቶ ሲያወጣ ስሙን ከዚሁ ቃል ወስዶ «ዋባይን» አለው። ይህ መርዝ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፉበትን ሥራ ያግዳል፤ የልብ ምት ይዛባል፤ ልቡም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ በአገራችንም የሚኖር ባለ ጋማ የዱር አይጥ ልጡን አኝኮ ምራቁን በጎኑ ፀጉር ላይ ይቀባል፤ የነከሰው ውሻ ሊሞት ይችላል። «የበሰለው ፍሬ ይበላል» የሚሉ አሉ። እናንተ ግን ተማሪ ይዛችሁ ስትወጡ አትሞክሩት፤ መብሰሉን የሚለካ መሣሪያ በኪሳችሁ የለም።

አሁን ወደ ደጋኑ እንመለስ። ደጋን ሲለጠጥ ወደ ዒላማው የሚያየው ጀርባው ይሳባል፤ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። ስለዚህ ጠንካራ እንጨት ሁሉ ደጋን አይሆንም፤ ብዙ ጎብጦ የሚመለስ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ ከ130 በላይ ደጋኖች ወጥተዋል። እነሱ የተሠሩት እኛ ዘንድ ከማይበቅለው የው ከተባለ ዛፍ ነው፤ ውጭኛው ነጭ እንጨት መሳብን፣ ውስጠኛው ቀዩ መጨመቅን ይችላል። በእኛ ቆላ የዚህን ቦታ ሊይዙ ከሚችሉት አንዱ ሶምያ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለዱላ፣ ለጦር ዘንግና ለደጋን የቆየ እንጨት ነው።

እኛም ሞከርነው። ዋናውን ግንድ ሳንነካ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ አንጓ የሌላቸው ቅርንጫፎች ቆርጠን፣ ጫፋቸውን ሞራ ቀብተን ጥላ ሥር አደረቅናቸው። ጫፉ ካልተቀባ እርጥበቱ ከዚያ ቶሎ ይወጣና እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ሳንቀባ የተውነው ወይራ እንዲሁ ሆነ። ጀርባውን አትንኩ፤ የሚጠረበው ሆዱ ነው፤ ወደ ጫፎቹም እየሳሳ ይሂድ። የመጀመሪያው ሶምያ ተሰበረብን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዱን ክንድ ከሌላው ይልቅ አሳስቼዋለሁ። ለካስ ሒሳቡ ጨካኝ ኖሯል፤ የእንጨት ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ግትርነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ግን ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በቢላዋ ሳይሆን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅ እያደረጋችሁ፣ ለጠጥ እያደረጋችሁ እዩት።

ሁለተኛው ያዘ። አንድ ወር ከሠራንበት በኋላ ጥቂት ጎብጦ ቀረ እንጂ አልተሰነጠቀም። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜም በደንብ ይሆናል። በሚዛን ስትስቡት ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ 150 ኒውተን ቢደርስ፣ የተሳበውም ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ የተጠራቀመው ጉልበት በግምት የሁለቱ ብዜት ግማሽ፣ ማለት 37.5 ጁል ነው። ጥጥ ለመንደፍ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ከዚህ በጣም የቀጠነ ይበቃል።

ደጋኑና የሶምያው ቅርንጫፍ ከዚህ ጋዜጣ በስተቀኝ ተሰቅለዋል፤ ቅጠሉን እየገለበጣችሁ ሦስቱን ጅማት ፈልጉ። ምረንዙ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ክዳኑን አትክፈቱ።