ጠዋት ዳይቭ፣ ማታ በረራ? አይሆንም!

ሰሞኑን በኢንቦክስ የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ።

«ዶክተር፣ ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ምነምባ ላይ ስኩባ ዳይቪንግ ልንሞክር፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ አስበናል። ባህሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ለጀማሪም ይሆናል ተብለናል። ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። ችግሩ ዳይቩ አይደለም፤ የማታው በረራ ነው።

ምነምባ ከዛንዚባር ዋና ደሴት በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዙሪያዋ ኮራል ነው፤ ውሃው ሞቃትና ጥርት ያለ ስለሆነ ለጀማሪ የሚመች ቦታ አለው። ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ከአሠልጣኝ ጋር ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሜትር አያልፍም። «12 ሜትር ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። ግን ጸጥ ያለ ባህር ማለት ማዕበል የለውም ማለት ነው እንጂ ግፊት የለውም ማለት አይደለም። ገና 10 ሜትር ስትወርዱ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ግፊት ባህር ዳር ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል።

የአምቦ ውሃ አስቡ። ክዳኑ እንደተዘጋ አረፋ አይታይም፤ ጋዙ በግፊት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑን ድንገት ስትከፍቱት ግን ፈልቶ ይወጣል። ጠላቂም እንደዚያው ነው። ከሲሊንደሩ የምትተነፍሱት አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ከውሃ በታች ባለው ግፊት ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ወጥታችሁ ባህር ዳር ብታርፉ በትንፋሽ እየወጣ ያልቃል። ሳያልቅ አውሮፕላን ውስጥ ከገባችሁ ግን ክዳኑን ከፈታችሁት ማለት ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ጊዜ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ተራራ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ናይትሮጅኑ አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያን፣ ሲብስም ሕብለ ሰረሰርንና አንጎልን ይጎዳል።

አሁን የእኛን የአዲስ አበቤዎችን ጉዳይ ስሙኝ። ዱባይ የሚወርድ መንገደኛ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ ባህር ወለል ግፊት ይመለሳል። እኛ ግን ቦሌ ስንወርድ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ለሰውነታችን በረራው አላለቀም ማለት ይቻላል፤ ቤት ገብተን ስንተኛም ያው ከፍታ ላይ ነን።

የጠላቂዎችን ደህንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ለአንድ ቀላል ዳይቭ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ከበረራ በፊት መቆየትን ይመክራል። እኔ ለአዲስ አበባ ተመላሽ የምመክረው ግን ሙሉ 24 ሰዓት ነው። አስቸጋሪ አይደለም፤ ዳይቩን ከጉዞው መጀመሪያ አድርጉት፣ የመጨረሻውን ቀን ስቶን ታውንን በእግር እየዞራችሁ አሳልፉ። ጠያቂዎቼም ፕሮግራማቸውን ወደ ሁለተኛው ቀን አዛውረዋል። ቀን ማዛወር ካልተቻለስ? ስኖርክል አድርጉ። ውሃው ላይ ተንሳፋችሁ የምትተነፍሱት የላዩን አየር ስለሆነ የበረራ ገደብ የለውም፤ ዓሣዎቹም ያው ናቸው።

ወደ ውሃው ከገባችሁ ደግሞ አንዲት ሕግ አትርሱ፦ ትንፋሽ አትያዙ! በ10 ሜትር ላይ ሳንባችሁን ሞልታችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ብትወጡ አየሩ ላይ ሲደርስ እጥፍ መሆን ይፈልጋል። ሳንባ ደግሞ ያን ያህል አይለጠጥም፤ ይቀደዳል። ከ30 ወደ 20 ሜትር ስትወጡ ያው አየር የሚጨምረው በሲሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ለውጥ ያለው እናንተ «ጥልቀት የለውም» ባላችሁት ቦታ ላይ ነው። ደንግጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ወደ ላይ የሚተኮስ ጀማሪ ነው የሚያሰጋው። ስትደነግጡ ቁሙ፣ የአሠልጣኙን እጅ ያዙ፣ መተንፈሳችሁን ቀጥሉ።

ጆሮ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ገና ከላይ ሳላችሁ ጀምራችሁ፣ ሳያም አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ መንፋት ወይም ምራቅ መዋጥ ነው፤ በየሜትሩም መደጋገም። ካመማችሁ ትንሽ ወደ ላይ ውጡና ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ዳይቩ ቀረ። በኃይል የነፋ ሰው የጆሮ ታምቡሩን ሊቀድ፣ ውሃ ውስጥም ራሱ ሊዞርበት ይችላል። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ወስጄ እገባለሁ የሚል አለ፤ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሳላችሁ ኃይሉ ቢያልቅ መውጫ ላይ ነው የሚያሠቃያችሁ።

ከዳይቭ በፊት የጤና ፎርም ይሰጣችኋል። ጀልባዋ እየጠበቀች፣ ብሩ ተከፍሎ፣ ሁሉንም «የለብኝም» ብሎ መፈረም የተለመደ ነው። እባካችሁ እውነቱን ሙሉ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ወይም የሳንባ ቀዶ ሕክምና ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ዳይቭ አይፈቀድም። አገራችን ላይ የማነሳው ሌላም ነገር አለ፤ ቲቢ ታክማችሁ የዳናችሁ። ዳንኩ ማለት ሳንባው ጠባሳ የለውም ማለት አይደለም፣ ጠባሳው አየር አምቆ ሊይዝ ይችላል። ራጅ ተነሥታችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ከዳይቭ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ፣ የትከሻ ወይም የጉልበት ሕመም፣ ያልተለመደ ድካም፣ የቆዳ ማሳከክና መዥጎርጎር፣ ማዞር፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መክበድ፣ ሽንት እምቢ ማለት ከመጣ «ዋናው አድክሞኝ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ገና እዚያው ከሆናችሁ በረራውን ሰርዙ። ወዲያው ለአሠልጣኙ ንገሩ፣ ኦክስጅን ይሰጣችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል የሚሰጥ ሕክምና ነው። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ዳይቪንግን ይሸፍን እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ በተለይ ካልተጻፈ አይሸፍኑም።

አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ከጀመራችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ገና ስትገቡ «ትናንት ባህር ውስጥ ጠልቄ ነበር፣ ከዚያ በአውሮፕላን መጣሁ» በሉ። ተረኛው ሐኪም በቀን ስንት ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሰው ያያል፤ እናንተ ካልነገራችሁት ስለ ባህር መጠየቅ ትዝ አይለውም።