የተጎዳ ትከሻ በዕረፍት ብቻ ይድናልን?

እንደሚታወቀው ለመምህር ክንዱ መሣሪያው ነው። ከሰሌዳው አናት ላይ የምንጽፈው፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳስ ወርውረን የምናሳየው በትከሻችን ብርታት ነው። ታዲያ ትከሻ ሲጎዳ ምን ይደረጋል? ይህንኑ በአጭሩ እንመለከታለን።

በቅድሚያ አሠራሩን እንወቅ። የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን፣ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። በመሆኑም ክንዳችን ወደ ፈለግንበት ይዞራል፤ በዚያው ልክ ግን በቀላሉ ይወልቃል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው። ኳሱን አቅፈው የሚይዙት 4 ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው።

ትከሻ ሲወልቅ ብዙዎቻችን «ወጌሻ ይጎትተው» እንላለን። ኧረ ተው! አጥንት ተሰብሮ ወይም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ራጅ መነሣት ይቀድማል።

ከተመለሰ በኋላስ? አንድ ጓደኛችን በመረብ ኳስ ጨዋታ ትከሻው ወለቀ። እንደገና እንዳይወልቅ ፈርቶ፣ ማንጠልጠያውን ከታዘዘለት ጊዜ በላይ አሰረው። የማስተማር ልምምድ ሲቃረብ እጁ ከደረቱ አላልፍ አለ፤ «ሰሌዳ ላይ ካልጻፍሁ ምኑን አስተማርሁት?» እያለ ይጨነቅ ጀመር። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃልና። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስጀመረው ሥራ በደረጃ የተከፋፈለ ነበር።

1ኛ. ክንድ በማንጠልጠያ ሳለ ጣትን፣ የእጅ አንጓንና ክርንን ማንቀሳቀስ።

2ኛ. በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ማጎንበስና የተጎዳውን ክንድ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ። ይህ እንቅስቃሴ የሚጠራው በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ትከሻ ትልቅ መጽሐፍ ባሳተመው በአሜሪካዊው ሐኪም በኮድማን ስም ነው።

3ኛ. ጣቶችን ግድግዳ ላይ እያስኬዱ ወደ ላይ መውጣት። የደረሰበትን በጠመኔ እናሰምርለት ነበር፤ መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር የእሱም ልብ አብሮ ከፍ ይል ነበር።

4ኛ. ክርንን ከጎን አስጠግቶ ጡጫን ከግድግዳ ጋር መግፋት፤ ቆይቶም ላስቲክ መሳብ። ጡንቻ የሚጠነክረው በዚህ ነው።

ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሻግረው ግን ባለሙያው እንጂ ችኮላ አይደለም። መጠነኛ ሕመም ያለ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ማቆም፣ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ መቀነስ ይገባል። ክንድን እንደ ጦር ወርዋሪ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መዘርጋት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክልክል ነው። እጅ ከደነዘዘ ወይም ጣት ከቀዘቀዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በወጣትነት የወለቀ ትከሻ ተመልሶ የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑም፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ወደ ሜዳ አይሮጥም፤ ሁለቱ ክንዶች በጉልበትም በመዘርጋትም መተካከል አለባቸው።

እስከዚያው ማስተማር አይቆምም። ከሰሌዳው ዝቅ ብሎ መጻፍ፣ ሠንጠረዡን አስቀድሞ በወረቀት ማዘጋጀት፣ ተማሪ አውጥቶ ማጻፍ ይቻላል። ጓደኛችንም ልምምዱን የጀመረው እንዲሁ ነው፤ ሲጨርስ ግን ቀኑን የጻፈው ከሰሌዳው አናት ላይ ነበር።