ከአንድ ውጤት ወደ አቅጣጫ፦ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ አካሄድና የክትትል ጥያቄ በሰሜን ሸዋ

መግቢያ

ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ አብዛኛውን ዕድሜውን በዝምታ ያሳልፋል። የእግር እብጠት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሲከተሉ የማጣራት ዐቅሙ በአብዛኛው አልቋል። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ለምርመራ የመጣ ሕመምተኛ ይዞ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን የክሪያቲኒን ውጤት ነው። ይህ ውጤት ኩላሊቱ ዛሬ ያለበትን ቦታ በግምት ያመለክታል፤ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ግን አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም የበሽታው አካሄድ የሚታወቀው በተደጋጋሚ ልኬት መሆኑን ማሳየት ነው።

ጉዳቱ ራሱን የሚመግብበት መንገድ

አንድ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን ይይዛል፤ የሞተ ኔፍሮን አይተካም። ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት የተወሰኑትን ሲያጠፋ የቀሩት የሟቾቹን ሥራ ይረከባሉ። በእያንዳንዱ ማጣሪያ ውስጥ ያለው የደም ፍሰትና ግፊት ይጨምራል። ብሬነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳስረዱት፣ ይህ ለጊዜው የሚጠቅም ማካካሻ ውሎ አድሮ የቀሩትን ማጣሪያዎች ያቆስላል። በቆሰለው ማጣሪያ አልቡሚን ወደ ሽንት ያፈተልካል፤ በቱቦዎቹም ላይ ብግነትንና ጠባሳን ያባብሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መንሥኤ ቢወገድ እንኳ በሽታው በራሱ ጉልበት ሊቀጥል ይችላል።

ክሪያቲኒን የሚሸፍነው

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ መጠኑ በኩላሊት ብቻ አይወሰንም። የማጣራት ዐቅም በግማሽ ሲቀንስ ከ0.7 ወደ 1.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከፍ ያለ ውጤት፣ የቀድሞው ልኬት ካልታወቀ፣ ከጤናማው ወሰን እምብዛም ያልራቀ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ ይኸው 1.3 ለ25 ዓመት ወንድ 78፣ ለ60 ዓመት ሴት ደግሞ 47 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ያህል የማጣራት ዐቅም ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ሁለት ነው። ጡንቻቸው በዕድሜ ወይም በምግብ እጥረት በመነመነ ሰዎች ላይ ደግሞ ቀመሩ ራሱ እውነተኛውን ዐቅም አጋንኖ ያሳያል።

ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። የበሰለ ሥጋ መመገብ ክሪያቲኒንን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። በዐቢይ ጾም ማብቂያ የተወሰደ ልኬትና በፋሲካ ማግስት የተወሰደ ልኬት፣ ኩላሊቱ ምንም ሳይለወጥ፣ ሊለያዩ ይችላሉ። የደም ናሙና በተወሰደበት ቀን የነበረውን ሁኔታ መመዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደረጃና ፍጥነት

በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚባለው ከ60 በታች የሆነ የማጣራት ዐቅም፣ ወይም እንደ ሽንት አልቡሚን ያለ የጉዳት ምልክት ከሦስት ወር በላይ ሲዘልቅ ነው። ደረጃው ግን ፍጥነትን አይገልጽም። ዐቅማቸው 45 የሆነ ሁለት ሕመምተኞች ቢኖሩና አንዱ በየዓመቱ 1፣ ሌላው 6 ቢያጡ፣ የመጀመሪያው 15 ላይ ለመድረስ 30 ዓመት ሲፈጅበት ሁለተኛው በ5 ዓመት ይደርሳል። በዓመት ከ5 በላይ የሆነና ጸንቶ የሚቀጥል መቀነስ ፈጣን ይባላል። በመጀመሪያው ጉብኝት ሁለቱን የሚለይ ነገር ካለ በሽንት ውስጥ ያለው የአልቡሚን መጠን ነው፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል።

የሰሜን ሸዋ መልክዐ ምድርና ክትትል

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራማው የምሥራቅ ጠርዝ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የኩላሊት እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ከተራራው ጥግ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ሕክምና ማሳውንና ቤቱን ትቶ ወደ ከተማ መፍለስ ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰው ወሳኙ ዘመን ከእጥበት በፊት ያለው ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ሥራ በጤና ጣቢያ ሊከናወን ይችላል፤ የደም ግፊት መለካትና ሽንትን በመመርመሪያ ወረቀት ማየት ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቁም። ሆኖም ረጅም ዳገት ወጥቶ የደረሰ ወይም ትኩሳት ያለው ሰው ሽንት ለጊዜው ፕሮቲን ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምርመራው ከዕረፍት በኋላ በሌላ ቀን መደገም አለበት። ለመገጣጠሚያና ለወገብ ሕመም እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን መውሰድም አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

የቀድሞ ልኬት አለመኖር ሕክምናንም ያሳስታል። ኤናላፕሪል በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ከፍ ቢል የሚጠበቅ ነው፤ ፖታስየም እየታየ መድኃኒቱ ይቀጥላል። መነሻውን የማያውቅ ሐኪም ግን ጭማሪውን የበሽታው መባባስ አድርጎ ሊወስደውና ኩላሊቱን የሚጠብቀውን መድኃኒት ሊያቋርጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

በአንድ ቀን ልኬት የሚሠራ ጥናት ምን ያህል ሰው ዝቅተኛ የማጣራት ዐቅም እንዳለው ይቆጥራል፤ ማን በፍጥነት እንደሚደክም ግን ሊያሳይ አይችልም። በአካባቢው ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን በሚከታተሉባቸው ክፍሎች የክሪያቲኒን፣ የሽንት አልቡሚንና የደም ግፊት ውጤቶችን ከነቀናቸው በአንድ መዝገብ ማያያዝ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሕመምተኛው በእጁ የሚይዘው ካርድም ያንኑ ተከታታይ ውጤት ቢይዝ፣ ከአንኮበር የመጣው ሰው በሁለተኛው ጉብኝቱ ሐኪም ፊት የሚቀርበው የበሽታውን አካሄድ ይዞ ይሆናል።