ለሬዲዮናችን የሚሆን አዳፕተር እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ወር ለሁለት ሳምንት በሰልፍ ላይ የጠዋት ዜና ሳይነበብ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ሚኒ ሚዲያ ሰነፈ» ስትሉ ሰምቻለሁ። ሚኒ ሚዲያው አልሰነፈም። ሬዲዮኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የዚህን እትም የሳይንስ ዓምድ እኔ ልጻፍ ብዬ የጠየቅሁትም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክበባችን ሬዲዮ በአራት ትልልቅ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋይ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን የምንጠቀመው በአዳፕተር ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ አዳፕተሩ በዚያው ሞተ። እኔም ቤታችን መሳቢያ ውስጥ የድሮ ዲኮደር አዳፕተር እንዳለ ትዝ አለኝና በማግሥቱ ይዤ መጣሁ። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ሬዲዮኑ ከወትሮው የበለጠ ሲጮህ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ መጀመሪያ እምምም የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ጭጭ!

ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ጠጋኙ ክዳኑን ፈተው አዩና «ስንት ቮልት ሰጠኸው ልጄ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? አዳፕተሩን ገልብጠው አሳዩኝ፤ 12 ቮልት ይላል። ሬዲዮኑ ጀርባ ላይ ደግሞ 6 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አንዱ ኮንደንሰር አብጦ ነበር፤ ድምፁን የሚያጎላው አይሲም ተቃጥሏል።

እጥፍ ቢሆን ምን ችግር አለው እንዳትሉ። የሳይንስ መምህራችን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ብለው አሳዩን። አንድ 12 ኦም የሆነ ሬዚስተር አለ እንበል። 6 ቮልት ስንሰጠው 6 ሲካፈል ለ12፣ 0.5 አምፒር ያልፍበታል። ኃይሉ 6 ሲባዛ በ0.5 ነው፤ 3 ዋት። አሁን 12 ቮልት እንስጠው። 1 አምፒር ያልፍበታል፤ ኃይሉም 12 ዋት ይሆናል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው! ሬዲዮ እርግጥ አንድ ሬዚስተር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ዕቃ አለው። ቢሆንም የሸተተን ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቮልት ነው። አዳፕተር ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ኢንፑትና አውትፑት። ኢንፑት ከግድግዳ የሚቀበለው ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ «100-240» የሚል ከሆነ ችግር የለውም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ሆኖ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ እንዳትሰኩት፤ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። አውትፑት ደግሞ ለዕቃው የሚሰጠው ነው፤ ይህ ቁጥር ዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። የሬዲዮናችሁ ጽሑፍ ከጠፋ ድንጋዩን ቁጠሩ። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ አራቱ 6 ቮልት ይሆናል። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ ጠጋኝ ብትጠይቁ ይሻላል።

አምፒር ላይ ግን ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ሬዲዮናችን 500 ሚሊ አምፒር ይላል። 1 አምፒር፣ ማለትም 1000 ሚሊ አምፒር የሆነ አዳፕተር ቢሰካበት ይቃጠላል ብዬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ግቢያችን ያለውን የውሃ ሮቶ አስቡ። የሮቶው ከፍታ እንደ ቮልት ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይገፋል። ሮቶው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ግን ከቧንቧው ብዙ ውሃ አይወርድም፤ የሚወርደው ቧንቧው በተከፈተው ልክ ነው። ሬዲዮም የሚፈልገውን ያህል አምፒር ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ የአዳፕተሩ አምፒር እኩል ወይም በላይ ይሁን። ካነሰ አዳፕተሩ ይግላል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

ገበያ የሄድነው ከክበቡ ጸሐፊ ጋር ነው። ባለሱቁ 9 ቮልት አውጥቶ «ይሠራል፣ ውሰዱት ባካችሁ» አለን። እምቢ አልን። ሌላ ሱቅ 6 ቮልት አገኘን፤ ግን 300 ሚሊ አምፒር ነው። በመጨረሻ 6 ቮልት፣ 1 አምፒር የሆነ ተገኘ፣ ጫፉም ገባ (ሳንሰካው ሬዲዮኑ ላይ ለክተነው ነው እንጂ ዳግመኛስ አልደፍርም)። ደስ ብሎን ለጠጋኙ ስናሳያቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለካ አንድ ነገር ቀርቶናል። አዳፕተሩ ላይ አንድ ነጥብ በግማሽ ክብ የተከበበች ትንሽ ሥዕል አለች። ነጥቡ የጫፉ መሐል ነው፤ ክቡ የውጩ ነው። ከነጥቡ የወጣው መስመር የሚደርሰው + ላይ ከሆነ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፤ − ላይ ከሆነ ነጌቲቭ ነው። የገዛነው መሐሉ ፖዘቲቭ ነበር፤ የሬዲዮናችን ደግሞ ነጌቲቭ። ድንጋይ ገልብጦ እንደ መክተት ነው። አንዳንዱ ዕቃ መከላከያ ዳዮድ ስላለው ዝም ይላል፤ የሌለው ግን ይቃጠላል። ጠጋኙ ገመዱን ቆርጠው ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየሩ፣ በየዱ፣ በቴስተር ለኩና «አሁን ስካ» አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰካሁት። ሠራ! (ሽቦ መቁረጡን እናንተ ቤት እንዳትሞክሩት፤ እሳቸውም ለእኛ አልሰጡንም።)

ደግሞም ምልክቱን እዩ። ከላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ካለ ዲሲ ነው፤ የሞገድ ምልክት ከሆነ ኤሲ ነው። ዲሲ ለሚል ሬዲዮ አውትፑቱ ኤሲ የሆነ አዳፕተር አይሆንም፤ ቮልቱ አንድ ቢሆንም።

የጥገናውን ገንዘብ እናቴ ከፈለችልኝ፤ የእሷ ዕዳ ገና አላለቀም። አዲሱ አዳፕተር ገመድ ላይ በነጭ ፕላስተር «6 ቮልት፣ መሐሉ −» ብዬ ጽፌበታለሁ። የዲኮደሩ ላይ ደግሞ «ለሬዲዮ አይሆንም» የሚል በቀይ አለ። ቤታችሁ አዳፕተር የጠፋበት ዕቃ ካለ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ወደ ክበባችን ክፍል አምጡት፤ ጽሑፉን አብረን እናነባለን።