የሞተር ዘይት ሲንጠባጠብ

የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በናፍጣ የምትሠራ አንዲት ፒክ አፕ መኪና አለችው እንበል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከከተማ ታመጣለች። እህል ወደ ገበያ ታደርሳለች። ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት ስትኖር ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጠውም እርሷው ናት። አንድ ቀን ጧት መኪናዋ ካደረችበት ቦታ ስትነሣ መሬቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። አንድ ሽማግሌ አባል ይህን ለሾፌሩ አሳዩት። ሾፌሩም፣ «አያስቡ አባባ፣ ጠብታ ናት» አለ። ሽማግሌው ግን፣ «ልጄ፣ ጠብታም እኮ ጋን ያጎድላል» ብለው መለሱለት። ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው?

ዘይት ለሞተር ምን ይጠቅማል?

በሞተር ውስጥ ብዙ ብረቶች ተቀራርበው በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። ዘይት በመካከላቸው እየገባ እንዳይፋቁ ያደርጋል። ሙቀታቸውን ይቀንሳል። ቆሻሻውንም ጠርጎ ወደ ማጣሪያው ይወስዳል። ዘይቱ ሲጎድል ብረት ከብረት ይፋቃል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ተጣብቆ ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ማደስ የማኅበሩን ካዝና ያራቁታል። ስለዚህ ሽማግሌው ልክ ናቸው።

ጠብታው ከየት ይመጣል?

ከሞተሩ ሥር የዘይት ማጠራቀሚያ አለ። መካኒኮች ኮፓ ይሉታል። በኮፓው ግርጌ አሮጌ ዘይት የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው የሚደፈነው በቡሎን ነው። ይህ ቡሎን ለሞተሩ፣ ውታፍ ለጋን እንደ ማለት ነው። በቡሎኑ ራስና በኮፓው መካከል ሮንዴላ የምትባል ቀጭን ቀለበት ትገባለች። ብዙውን ጊዜ ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራች ናት። ቡሎኑ ሲጠብቅ ትጨፈለቅና ክፍተቱን ትደፍናለች። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ግን ለሁለተኛ ጊዜ በደንብ ላትደፍን ትችላለች። ስለዚህ ዘይት በተለወጠ ቁጥር እርሷም መለወጥ አለባት። ቡሎኑ ሲላላ፣ ወይም ጥርሱ ሲበላም ዘይት ይንጠባጠባል።

ጉልበት መድኃኒት አይደለም

አንዳንድ ሰው ጠብታ ሲያይ ረጅም ቁልፍ ይዞ ቡሎኑን በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቃል። ይህ ስሕተት ነው። በተለይ ኮፓው ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ያን ጊዜ በአንዲት ርካሽ ሮንዴላ ይድን የነበረው ችግር ኮፓውን እስከ መለወጥ ያደርሳል።

እንዴት ይሠራል?

1. መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቁም። ሞተሩ ይጥፋ። የእጅ ፍሬን ይያዝ። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ፈጽሞ መግባት አይገባም። ክሪኩ ካመለጠ ሰው ይሞታል።

2. የዘይት መለኪያው ዘንግ ይሳብ፤ ይጠረግ፤ እንደገና ገብቶ ይታይ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ ዘይት ሳይጨመር ሞተሩ አይነሣ።

3. ቡሎኑና ዙሪያው በጨርቅ ይጠረጉ። ከዚያ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋና ይታይ። ዘይት ከላይ፣ ምናልባት ከማጣሪያው፣ ወርዶ ቡሎኑ ላይ ሊንጠለጠል ይችላልና።

4. የሚያፈሰው ቡሎኑ ከሆነ፣ ሞተሩ እጅ እንዳያቃጥል ይቀዝቅዝ። ሰፊ ንጹሕ ዕቃ ከሥሩ ይቀመጥ። የሚይዘው የዘይት መጠን እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ዕቃው ዘይቱን በሙሉ መያዝ የሚችል ይሁን። የቡሎኑን ራስ ፊት ለፊት እያየን ወደ ግራ ብናዞረው ይላላል።

5. ዘይቱ ወርዶ ሲያበቃ የቡሎኑ ጥርስና መቀመጫው ይጠረጉ። አሮጌዋ ሮንዴላ ወጥታ ልኳ አንድ የሆነ አዲስ ትግባ። ቡሎኑ መጀመሪያ በእጅ ይዙር። በእጅ አልገባም ካለ ተጣሞ ይሆናልና ወጥቶ እንደገና ይሞከር። መጨረሻ ላይ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ በቁልፍ ይጥበቅ።

6. ዘይቱ በልኩ ይሞላ። ሞተሩ ይነሣ። የዘይት ምልክት መብራት ወዲያው ካልጠፋ ሞተሩ ይጥፋ። መብራቱ ከጠፋ ግን ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቁምና ቡሎኑም ዘንጉም እንደገና ይታዩ። ማታ ከሥሩ ካርቶን ቢነጠፍ፣ ጧት እውነቱ ይታወቃል።

የቡሎኑ ጥርስ ተበልቶ ከሆነ በክር ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ መመለስ አደገኛ ነው። ቡሎኑ መንገድ ላይ ቢወልቅ ዘይቱ በሙሉ ይፈሳል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

የተቃጠለው ዘይት የት ይጣል?

የተቃጠለ ዘይት መሬትና ውኃ ይበክላል። ስለዚህ ማሳ ላይም ሆነ ወንዝ ውስጥ መድፋት አይገባም። በክዳን ዘግቶ አስቀምጦ ለጋራዥ ማስረከብ ይሻላል። ለሰው ቆዳም ጎጂ ነው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በከብት ቁስል ላይ መቀባትም ጉዳት እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

በመጨረሻም መኪናዋ አንድ ደብተር ትኑራት። ዘይትና ሮንዴላ የተለወጡበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍባት። ያን ጊዜ ሾፌሩ ቢለወጥ እንኳ መኪናዋ መቼ ምን እንደተደረገላት ማንበብ የሚችል አባል ሁሉ ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትጠራት መኪናዋ የምትነሣው ጧት ጠብታዋን ያየ ሰው ከነበረ ነው።

ጥያቄዎች

1. ሮንዴላ የምትለወጠው መቼ ነው? ለምን?
2. ቡሎኑን በሙሉ ጉልበት ማጥበቅ ምን ጉዳት አለው?
3. በአካባቢያችሁ በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ወይም የውኃ መሳቢያ አለ? ከሥሩ የዘይት ጠብታ እንዳለ ተመልከቱና ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።