የወደብ ልክና የነጋዴ ሒሳብ
ስለ ወደብ ገንዳና ስለ መርከብ መቆሚያ የተሰናዳ አጭር ትምህርት

አንድ አስመጪ ዕቃ ሲያዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋ፥ የመርከቡን ኪራይና የቀረጡን ልክ ነው። ዕቃው የሚራገፍበት ወደብ ስንት ሜትር ጥልቀት እንዳለው፥ መርከቡ የሚዞርበት ውኃ ምን ያህል እንደሚሰፋና የመቆሚያው ቍጥር ስንት እንደ ሆነ ግን የመሐንዲስ ጉዳይ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን እነዚህ ልኮች ኹሉ ዞሮ ዞሮ በኵንታሉ ዋጋ ላይ ይደመራሉ። መሐንዲሱ በሜትር የለካውን ነጋዴው በገንዘብ ይከፍለዋልና፥ የሁለቱን ግንኙነት ማወቅ ለንግድ ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ጉዳዩም ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች፥ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ተነሥቶ በአሰብ በኩል የሚደረገው ንግድ ከተቋረጠ ወዲህ፥ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢና ወጪ ጭነት የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ የወደቡ ልክ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ፥ ውጤቱ እስከ መርካቶ ሱቅ ድረስ ይደርሳል።

1ኛ፤ ስለ ጸጥተኛ ውኃ

የወደብ ገንዳ ማለት በተፈጥሮ ወይም በግንብ ተከልሎ ማዕበል የማያናውጠው፥ መርከብም ያለ ሥጋት ቆሞ የሚራገፍበት ውኃ ማለት ነው። ምጽዋ በደሴቶችና ወደ ባሕር በገባ ምድር የተከለለች ስለ ሆነች ከተፈጥሮ ይህን ጸጋ አግኝታለች። ተፈጥሮ ባልረዳችበት ስፍራ ግን ማዕበል የሚከላከል ግንብ ወደ ባሕር ይሠራል።

የግንቡ መሠራት ብቻውን አይበቃም፤ የመግቢያው አቅጣጫና ስፋትም በጥንቃቄ መታሰብ አለበት። መግቢያው እጅግ ቢሰፋ ማዕበሉ ይገባል፤ እጅግ ቢጠብ ደግሞ መርከቡ ለመግባት ይቸገራል። ከዚህም በቀር ገንዳው በቀጥተኛ ግንብ ዙሪያውን ቢታጠር፥ ከውጭ የገባው ረጅም ሞገድ ከግንብ ወደ ግንብ እየተመላለሰ ሊበረታ ይችላል። በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን ወደብ፥ ዳንከን በተባለው ገንዳ፥ የታሰሩ መርከቦች በዚህ ምክንያት ወዲያና ወዲህ እየተንገላቱ ስላስቸገሩ ነገሩ በብዙ ምርመራ ተጠንቷል። መርከቡ ከተንገላታ ክሬኑ ኮንቴይነሩን በትክክል ማንሣት አይችልም፤ ሥራው በቆመበት ሰዓት ኹሉ ደግሞ ኪራዩ ይቈጠራል።

2ኛ፤ ስለ ጥልቀት

የተጫነ መርከብ ከውኃው በታች የሚሰጥምበትን ልክ መርከበኞች ድራፍት ይሉታል። የመቆሚያው ጥልቀት ከድራፍቱ ጋር እኩል ቢሆን አይበቃም። ከመርከቡ ሆድ በታች ትርፍ ውኃ መኖር አለበት፤ ይኸውም ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ በተለምዶ የድራፍቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ማዕበል በሚያገኘው የመግቢያ ቦይ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መርከብ በጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲጓዝ በፍጥነቱ መጠን ወደ ታች ይሰምጣል። ጥልቀቱም የሚቈጠረው ባሕሩ ሲሞላ ሳይሆን ሲጐድል ካለበት ልክ ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 190 ሜትር፥ ወርዱ 32 ሜትር፥ ድራፍቱ 12 ሜትር ተኩል የሆነ፥ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ይታሰብ። ይህ መርከብ በደኅና ለመቆም 13 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልገዋል። ወደቡ ያለው ጥልቀት በአንድ ሜትር ቢያንስ ምን ይሆናል? ይህን የመሰለ መርከብ አንድ ሳንቲ ሜትር ለመስጠም 56 ቶን ያህል ጭነት ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሜትር ያህል እንዳይሰጥም ከተከለከለ 5,600 ቶን፥ ማለት 56,000 ኵንታል፥ ሳይጭን ይመጣል። የመርከቡ ኪራይ ግን ባዶ ስለ መጣው ቦታ ብዙም አይቀንስም፤ ኪራዩ የተጫነው ኵንታል ላይ ይከፋፈላል።

3ኛ፤ ስለ ስፋትና ስለ ርዝመት

መርከብ እንደ በቅሎ በቆመበት አይዞርም። በጎታች ጀልባዎች እየተረዳ ሲዞር እንኳ የርዝመቱ እጥፍ ያህል የሆነ ክብ ውኃ ይፈልጋል፤ ያለ ጎታች ጀልባ ከሆነ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 190 ሜትር ላለው መርከብ 380 ሜትር፥ 400 ሜትር ላለው ታላቅ የኮንቴይነር መርከብ 800 ሜትር ክብ ያስፈልጋል። ጎታች ጀልባ መግዛት ገንዳ ከመቈፈር ይልቅ የሚረክሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመቆሚያውም ላይ መርከብ ከመርከብ ጋር አይጣበቅም፤ ገመዱ የሚታሰርበት በመካከለኛ መርከቦች መካከልና በግንቡ ጫፍ 15 ሜትር ያህል ይተዋል። በጅቡቲ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ መራገፊያ ግንብ ርዝመቱ 1,200 ሜትር ነው። 190 ሜትር የሆኑ አምስት መርከቦች ከነክፍተታቸው 1,040 ሜትር ይይዛሉ፤ ስድስት ቢሆኑ 1,245 ሜትር ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ 45 ሜትር ስለ ጐደለ አንድ ሙሉ መርከብ ውጭ ይቀራል። በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብም 1,050 ሜትር ግንብና 18 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ነገር ግን 400 ሜትር የሆኑ ሦስት መርከቦች በአንድነት ሊቆሙበት አይችሉም።

4ኛ፤ ስለ መቆሚያው ብዛት

ብዙ ሰው ባዶ የቆመ መቆሚያ ሲያይ የባከነ ገንዘብ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መርከቦች ባሕርና ነፋስ እንዳደረሳቸው እንጂ ተራ ጠብቀው አይመጡም፤ የማራገፊያቸውም ጊዜ ልዩ ልዩ ነው። በዚህ ዐይነት አንድ መቆሚያ ብቻ ባለበት ወደብ፥ አንድ መርከብ ለማራገፍ በአማካይ 4 ቀን ቢፈጅ፥ መቆሚያው ከዓመቱ ግማሹን ከተያዘ የአማካዩ ጥበቃ 4 ቀን ይሆናል። ከመቶ 80 ከተያዘ 16 ቀን፥ ከመቶ 90 ከተያዘ ደግሞ 36 ቀን ይደርሳል። ሥራው በጥቂት ሲጨምር ጥበቃው በብዙ ይጨምራል ማለት ነው።

ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ለወደብ አቃጆች ባወጣው መምሪያ፥ ለልዩ ልዩ ዕቃ የሚሆን አንድ መቆሚያ ብቻ ሲኖር ከመቶ 40፥ ሁለት ሲሆኑ ከመቶ 50፥ አራት ሲሆኑ ከመቶ 60 በላይ ባይያዝ መልካም እንደ ሆነ መክሯል። መቆሚያው ሲበዛ አንዱ ባይለቀቅ ሌላው ስለሚለቀቅ፥ ጥበቃው ያጥራል።

ጥበቃው ለነጋዴው ምን ያህል ይከብዳል? 10,000 ቶን የጫነ መርከብ የዲመሬጅ ክፍያው በቀን 10,000 ዶላር ነው ቢባል፥ 16 ቀን ሙሉ ቢከፈልበት 160,000 ዶላር፥ በኵንታል ሲከፋፈል 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ገንዘብ ዕቃውን አላሻሻለውም፤ ሚዛኑንም አልጨመረውም።

5ኛ፤ ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ነጋዴው ወደብ አይሠራም፤ ውል ግን ይፈርማል። መርከብ ለመከራየት ሲዋዋል አራት ነገሮችን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል። አንደኛ፥ ባሕሩ ሲጐድል የሚፈቀደው ድራፍት ስንት ነው? ሁለተኛ፥ መቆሚያው የሚቀበለው የመርከብ ርዝመት እስከ ስንት ነው? ሦስተኛ፥ ለዚህ ዐይነት ጭነት ስንት መቆሚያ አለ፥ በዚያ ወራትስ ምን ያህል ተይዟል? አራተኛ፥ የተራገፈውን ዕቃ የሚያነሣ በቂ ባቡርና የጭነት መኪና አለ? ጓሮው ከሞላ መቆሚያው ቢሰፋም ሥራው ይቆማልና።

ከዚህም ጋር የውሉን ቃል ማስተዋል ያስፈልጋል። ውሉ የመርከቡ ጊዜ ወደቡ ከደረሰ ጀምሮ ይቈጠራል የሚል ከሆነ፥ ተራ የመጠበቁ ኪሳራ በተከራዩ ላይ ይወድቃል፤ መቆሚያው ላይ ከደረሰ ጀምሮ የሚል ከሆነ ግን በባለ መርከቡ ላይ ይሆናል። ባለ መርከቡም ይህን ስለሚያውቅ ኪራዩን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።

በጠቅላላው የአንድ ወደብ አቅም የሚለካው በትልቁ ልኩ ሳይሆን በትንሹ ነው። ገንዳው ጥልቅ ሆኖ መግቢያው ጥልቀት ከሌለው፥ ግንቡ ረጅም ሆኖ መዞሪያው ከጠበበ፥ መርከቡ የሚታዘዘው ለጐደለው ነው። ይህን ያወቀ አስመጪ ለወደቡ የሚስማማ መርከብ ይከራያል፤ ያላወቀው ግን ትልቅ መርከብ ተከራይቶ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥሎ ለሚቆምበት ቀን ኹሉ ይከፍላል።