የሳልመን ሥጋ ቅላት ምን ይነግረናል?

በአሜሪካ የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ወቅት ከአንድ ሱፐርማርኬት የዓሣ መደርደሪያ ፊት ቆሜ፣ ይበልጥ የቀላውን ሳልመን «ይህ የዱር ነው» ብዬ ገዛሁ። የፊዚክስ ተማሪ ሆኜ ቀለምን ያለ ምርመራ ማመኔ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የሳልመን ሥጋ የሚቀላው አስታክሳንቲን በተባለ ውሁድ ምክንያት ነው። ይህ ሞለኪውል ከነጭ ብርሃን ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ሰማያዊና አረንጓዴ ክፍል ስለሚውጥ፣ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው በአብዛኛው ቀዩና ብርቱካንማው ነው። የዱሩ ሳልመን ውሁዱን የሚያገኘው ከሚመገባቸው ክሪልና መሰል የባሕር እንስሳት ሲሆን፣ ለእርባታው ግን በመኖው ይጨመርለታል። ባይጨመርለት ሥጋው ግራጫማ ይሆን ነበር። እንዲያውም አርቢው የሚፈልገውን ቅላት፣ እንደ ቤት ቀለም፣ ከናሙና ላይ ሊመርጥ ይችላል!

እንግዲህ ከቀለሙ ይልቅ በመጠቅለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል። በአሜሪካ ገበያ «አትላንቲክ» ተብሎ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉ የእርባታ ነው። የአላስካ ግዛት በአንጻሩ ለንግድ የሚካሄድ የዓሣ እርባታን እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ ስለከለከለ፣ «የአላስካ» የተባለው በባሕር ራሱን ችሎ ያደገ ነው፤ ምንም እንኳ ከመካከላቸው በሰው እጅ ተፈልፍለው በጫጩትነታቸው የተለቀቁ ቢኖሩም። በሥጋው ላይ ሰፋፊ ነጫጭ የስብ መስመሮች ከታዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእርባታው ነው። የእኔው የዚያን ዕለት ግዢ እነዚህ መስመሮች ነበሩበት።